ጆሮ ሲሰማ፣ ዐይን ሲከተል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል በየቤቱ የታወቀ ነው። የዕቁብ ዝርዝር ሲጻፍ፣ የብድር ውል ሲፈረም፣ የልጅ የልደት ቀን በመጽሐፍ ሽፋን ውስጥ ሲመዘገብ የምናስታውሰው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ብሂሉ ለብቻው የማይበቃበት አንድ ሀብት አለን፤ እርሱም ዜማ ነው። ዜማ በጽሑፍ ብቻ አይወረስም፤ ወረቀት ድምፅ የለውምና። በድምፅ ብቻም እንዳለ አይቆይም፤ ሰሚው የሰማውን ያህል ብቻ ይዞ ይቀራልና። ዐይን ጽሑፉን፣ ጆሮ ድምፁን በአንድነት ሲከተሉ ግን ከሁለቱም የሚበልጥ ትምህርት ይገኛል።

በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የረቀቀ ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች ይህን ዘዴ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ይሠሩበታል። የሙዚቃው ሸክላ ወይም ካሴት ሲዞር የድርሰቱን ኖታ ከፊታቸው ዘርግተው መስመር በመስመር ይከተሉታል። ለዚሁ ተብለው በኪስ የሚያዙ ትንንሽ የኖታ መጻሕፍት እስከ መታተም ደርሰዋል። እንዲህ የሚያዳምጥ ሰው ቀድሞ ያልሰማውን ይሰማል፤ ከዋናው ዜማ ሥር የሚሄደውን ሁለተኛ ድምፅ ይለያል፤ የት እንደተጀመረ፣ የት እንደተደገመ፣ የት እንደተቆረጠ በዐይኑ ያያል።

አንባብያን «ይህ የባለ ፒያኖ ቤት ወግ ነው፤ ለእኛ ቤት ምን ያደርጋል?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። መልሱ ከጎንደር ከተማ መኻል ወደ ደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አዘዞና በአካባቢዋ ይገኛል። በዚህ አገር ዐይንን ከምልክት፣ ጆሮን ከድምፅ ጋር ማጣመር አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው፣ ይህ ትምህርት ከጉባኤ ቤት ወጥቶ በእናቶችና በሴቶች ልጆች እጅ መግባት መጀመሩ ነው።

ከቃሉ በላይ ያሉት ደቃቅ ፊደሎች

አዘዞን ብዙ ሰው የሚያውቃት በአውሮፕላን ማረፊያዋና ወደ መተማና ወደ ባሕር ዳር በሚለያዩት መንገዶቿ ነው። በታሪክ ግን የቤተ መንግሥትና የቤተ ክህነት ሰፈር ነበረች። ዐፄ ሱስንዮስ በ17ኛው መቶ ዓመት ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት በዚሁ ነው፤ ከዚያ በኋላም አዘዞ ተክለ ሃይማኖት ከእጨጌዎች ጋር ስሙ ሲያያዝ ኖሯል። ከቤተ ክርስቲያን ጋር ደግሞ ዜማ፣ ከዜማ ጋር ተማሪ፣ ከተማሪ ጋር መጽሐፍ ይመጣል።

የቅዱስ ያሬድ ድርሰት እንደሆነ በትውፊት የሚነገርለትን ድጓ ገልጦ ያየ ሰው ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ያገኛል። አንደኛው በትልልቁ የተጻፈው የግእዙ ቃል ነው። ሁለተኛው ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሰፈረው ምልክት ነው። ይህን የምልክት ሥርዓት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ይኸውም በ16ኛው መቶ ዓመት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት እንዳደራጁት ይነገራል።

ምልክቶቹ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ መልካቸው የነጥብ፣ የቅስትና የጭረት ሆኖ ስማቸው ሥራቸውን የሚናገር ነው። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ስምንቱ ናቸው፤ ድርስና አንብር ሲጨመሩ አሥር ይሆናሉ። ይዘት ሲታይ ድምፅ ይያዛል፤ በቁርጥ ይቆረጣል፤ በድፋት ዝቅ ይላል፤ በቅናት ይቀናል፤ በርክርክ ይርገበገባል፤ በደረት ጊዜ ድምፁ ከጉሮሮ ሳይሆን ከደረት ይመጣል። በ1997 ዓ.ም. ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ዝርዝር አሥር የኢትዮጵያ የዜማ ምልክቶችን ስለተቀበለ፣ ዛሬ እነዚህን ምልክቶች በብራና ብቻ ሳይሆን በኮምፒዩተርም መጻፍ ይቻላል።

ሁለተኛዎቹ ግን ከአንድ እስከ ጥቂት ፊደል የሚሆኑ አሕጽሮተ ቃላት ናቸው። ቁጥራቸው በመቶዎች የሚገመት ሲሆን፣ እያንዳንዱ አስቀድሞ በሌላ ቦታ የተዜመን አንድ የዜማ ሐረግ ያስታውሳል። ለምሳሌ ተማሪው ከአንድ ቃል በላይ ሁለት ፊደል ሲያይ «ይህ በእገሌ በዓል ላይ በተባለው ቃል ዜማ ይባላል» ብሎ ያንን ያወጣል። እንግዲህ ያሬዳዊው ምልክትና የፈረንጁ ኖታ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በአምስት መስመር ላይ የሚጻፈው ኖታ የድምፁን ከፍታና ርዝመት ስለሚያሳይ፣ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ድርሰት ሊያወጣው ይችላል። የያሬዱ ምልክት ግን የሰማን ሰው የሚያስታውስ እንጂ ላልሰማ የሚነግር አይደለም። ያልሰማ ሰው መጽሐፉን ቢገልጥ ፊደሉን ያነባል እንጂ ዜማውን አያገኘውም።

ስለዚህ የድጓ ተማሪ ከመምህሩ ሥር ቁጭ ብሎ የመምህሩን ድምፅ እየሰማ ጣቱን ከምልክቱ ላይ ያሳልፋል። መምህሩ «በል» ሲለው ይላል፤ ሲሳሳት ያቃናዋል። ቀድሞ ተማሪው ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ መያዝ ነበረበት፤ ስለዚህ ዐይን፣ ጆሮና እጅ አብረው ይማሩ ነበር። ዜማውን አጠናቅቆ በመምህርነት ለመመረቅም ጋይንት ውስጥ ወደምትገኘው ቤተልሔም መውረድ የቆየ ሥርዓት ነው። ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር በዓታ ይመሰከራል። ጎንደርና አካባቢው የዜማ አገር የሚባለው በከንቱ አይደለም።

በአንድ የአዘዞ ቤት

የዚህ ዓምድ አዘጋጅ በዐቢይ ጾም ወራት አዘዞ በነበረችበት ጊዜ በአንድ ቤት ያየችው ይህን ነገር ለአንባብያን ለማቅረብ ምክንያት ሆኗል። ቤተሰቡ ስሙ እንዲጠቀስ ስላልፈለገ ስም አንጠራም።

በቤቱ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አያት፣ ልጃቸውና ሁለት የልጅ ልጆች ይኖራሉ። ወንዱ ልጅ ጠዋት መደበኛ ትምህርት ቤት ይውላል፤ ማታ ማታ ደግሞ ከአንድ መሪጌታ ዘንድ ጾመ ድጓ ይማራል። እኅቱ በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምራለች። ልጁ የኔታን አስፈቅዶ በስልክ የቀዳውን ድምፅ ማታ ሲከፍተው፣ መጽሐፉን የምትይዘውና በጣቷ የምትከተለው እኅቱ ናት። አያትየዋ እንዝርታቸውን እያሾሩ ያዳምጣሉ።

አያትየዋ ማንበብ የተማሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በወጣትነታቸው ነው። የጾመ ድጓውን ዜማ ከልጅነታቸው ጀምሮ በየዓመቱ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሆነው ሰምተውታል፤ ካህኑ ሳይጀምር የሚመጣውን ያውቁታል። መጽሐፉን ግን አንድም ቀን ገልጠው አይተው አያውቁም ነበር። መጀመሪያ ባዩት ጊዜ ከቃሉ በላይ ያሉት ደቃቅ ፊደሎች ጸሐፊው ሲሳሳት በላይ በላዩ ያረማቸው መስለዋቸው እንደነበር እየሳቁ ይናገራሉ። «ይኼ ሁሉ ስሕተት ያለበት መጽሐፍ እንዴት ይነበባል ብዬ ነበር፣ ልጄ» አሉ።

ነገሩን ያስረዳቸው የልጅ ልጃቸው ነው። ድምፁን አንድ ሐረግ ያህል ከፍቶ ያቆምና፣ «እምዬ፣ አሁን የሰማሽው ይህቺ ናት» እያለ ምልክቱን ያሳያቸዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት አያትየዋ ራሳቸው «ቆይ፣ ይህቺ ያቺ ናት» ማለት ጀመሩ። ዕድሜ ልካቸውን በጆሯቸው ይዘውት የኖሩት ነገር በዐይናቸው ፊት መልክ አገኘ።

በዚህ ቤት ግን ነገሩ ሁሉ ያለ ክርክር አላለፈም። ልጅቱ «እኔም ምልክቱን እስከ መጨረሻው ልማር» ባለች ጊዜ እናቷ አልፈቀዱላትም። ምክንያታቸው ሁለት ነበር። አንደኛው ልጅቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በመሆኗ በትምህርቷ እንዳትደክም ነው። ሁለተኛው «የወንድ ቤት ነው፤ ሰው ምን ይለናል» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ምክንያት የእናት ሐሳብ ነውና ሊናቅ አይገባውም። ሁለተኛውን የፈቱት ግን ራሳቸው አያትየዋ ናቸው። «እኔን ማን ከለከለኝ? የከለከለኝ ሳይኖር ነው ሳላውቅ ያረጀሁት» አሏቸው። ከዚህ በኋላ እናትየዋ ራሳቸው ወደ መሪጌታው ሄደው ተነጋገሩ፤ ልጅቱ በሰንበት ትምህርት ቤቱ በኩል ምልክት የሚማሩ እኅቶች ባሉበት ቀን እንድትገባ ተስማሙ። በፈተና ሰሞን ግን ትቀራለች።

መሪጌታውም አንድ ነገር ሳያስጠነቅቁ አልቀሩም። ተማሪ በስልክ የሰማውን መድገም እንደሚችል፣ ስልክ ግን ተማሪውን መስማት እንደማይችል ገልጸዋል። በዚህ ላይ ኋላ እንመለስበታለን።

ከፒያኖ እስከ ድጓ፦ የእማሆይ ጽጌ ማርያም መንገድ

በአገራችን በኖታ የሚጻፈውን ሙዚቃና በምልክት የሚጻፈውን ዜማ ሁለቱንም በአንድ ሕይወት ካገናኙ ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚነሡት አንዲት ሴት ናቸው። እርሳቸውም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። ታሪካቸው ከጎንደር ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ጥቂት ብንቆይበት ይጠቅማል።

እማሆይ በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው በጎንደርም በከንቲባነት ያገለገሉት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ሲሆኑ፣ እኅታቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። የውብዳር ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ከሙዚቃም ጋር የተዋወቁት በዚያው ነው። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አሲናራ ወደተባለችው ደሴት ተወሰዱ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለው ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይለማመዱ እንደነበር ይነገርላቸዋል። ወደ ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን ለመቀጠል የነበራቸው ተስፋ ግን ሳይሳካ ቀረ። ከዚህ በኋላ ዓለምን ትተው ወደ ግሸን ማርያም ገዳም በመግባት መነኮሱ፤ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜም በባዶ እግራቸው እየሄዱ በገዳሙ ኖሩ።

በ1950ዎቹ እማሆይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር ጎንደር መጡ። አውሮፓ የተማሩት፣ ኖታ እንደ ፊደል የሚያነቡት ሴት እንደገና ተማሪ ሆኑ ማለት ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ በየቀኑ የሚያዩት ግን ከዜማው በላይ ልባቸውን ነካው። የዜማ ተማሪዎች፣ የቆሎ ተማሪ የምንላቸው ልጆች፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ ይለምናሉ፤ ሌሊቱንም ደጅ ያድራሉ። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው ፒያኖ የሚያውቅ እጅ ብቻ ነበር። ስለዚህ የደረሷቸውን ሙዚቃዎች በሸክላ አስቀድተው ከሽያጩ የሚገኘው ለእነዚህ ልጆችና ለመሰሎቻቸው መማሪያ እንዲሆን ወሰኑ። የመጀመሪያው ሸክላ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ድጋፍ በጀርመን አገር ታተመ።

እማሆይ በ1976 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ተቀመጡ። የቀዷቸው ሙዚቃዎች ለብዙ ዓመታት በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ሲገኙ ቆዩ። በ1998 ዓ.ም. ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮጲክ» የተባለው ተከታታይ አሳታሚ 21ኛውን ቅጽ የእርሳቸው በማድረጉ የዓለም ጆሮ ወደ እርሳቸው ዞረ። «የእናት ፍቅር» እና «መጠለያ የሌለው መንገደኛ» የሚል ትርጉም ያላቸው ድርሰቶቻቸው በየአገሩ ተሰሙ። ድምፁ ዓለምን ሲዞር ግን ጽሑፉ ገና በገዳሙ ክፍል በየወረቀቱ እንደተቀመጠ ነበር። ማያ ዱኒዬትስ የተባለች የፒያኖ ተጫዋች በእማሆይ ፈቃድ ከእነዚሁ ወረቀቶች መርጣና አስተካክላ በ2005 ዓ.ም. በመጽሐፍ እንዲታተሙ አደረገች። እማሆይ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ኖታው ባይታተም ኖሮ ድርሰቱን ሌላ ሰው ሊጫወተው የሚችለው በግምት ብቻ ነበር። ቅጂው ባይኖር ኖሮ ደግሞ እማሆይ ምቱን እንዴት እንደሚያቆዩት፣ ጣታቸው እንዴት እንደ ዘማሪ ጉሮሮ እንደሚርገበገብ ከወረቀት ማንም አያገኘውም ነበር። የአንዲት ሴት የሕይወት ሥራ ሙሉ ሆኖ የደረሰን ሁለቱም ስለተገኙ ነው።

ድምፅ ምን ይሰጣል፣ ጽሑፍስ ምን ይሰጣል?

ኬይ ካውፍማን ሼሌሜይና ፒተር ጄፍሪ የተባሉ ሁለት የሙዚቃ ሊቃውንት በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1993 እስከ 1997) ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ በሦስት ቅጽ ያሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ያረጋግጣል። አዘጋጆቹ የግእዙን ምልክት፣ የፈረንጁን ኖታና የተቀዳ ድምፅ አንድ ላይ አቅርበዋል። አንባቢው ሦስቱን እያስተያየ እንዲከተል ማለት ነው። የሩቅ አገር ሊቃውንት ለማስተዋል ሦስቱንም ካስፈለጋቸው፣ በደጃችን ያለነው በአንዱ ብቻ ልንረካ አይገባም።

ጽሑፍ የሚሰጠው ሥርዓትን ነው። ቃሉ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያርፍ፣ ዜማው ግእዝ ይሁን ዕዝል ወይም አራራይ ያስታውቃል። በተለይ ቃልን ከማዛባት ያድናል። በጆሮ ብቻ የያዝነው የግእዝ ቃል በጊዜ ብዛት መልኩን ለውጦ ትርጉም የሌለው ድምፅ እስኪሆን ድረስ የምንለው ብዙ ነው። ዐይን ሲያየው ይታረማል።

ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ ሕይወትን ነው። ትንፋሹን፣ ርዝመቱን፣ የድምፁን መርገብገብ፣ አንድ መምህር ከሌላው የሚለይበትን ለዛ የሚይዘው እርሱ ነው። ካሴትም ሆነ ስልክ አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ አይደክሙም፤ አሥር ጊዜ ቢመልሱት አይቆጡም። ልጅ አዝላ ወጥ የምትሠራ እናት መምህር ዘንድ ሄዳ ለመቀመጥ ጊዜ አይኖራትም፤ ድምፁ ግን ወደ እርሷ ይመጣል።

ሁለቱም የማይሰጡት አለ። እርሱም እርማት ነው። መሪጌታው እንዳሉት ስልክ ተማሪውን አይሰማውም። የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን አሥር ጊዜ ቢደጋግመው አሥር ጊዜ ያጸናዋል። ስለዚህ ድምፅና መጽሐፍ የመምህሩን ደጅ የሚያስረሱ ሳይሆኑ ወደ ደጁ የሚያደርሱ መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባውም።

ሴት ልጅና ዜማ

የዜማ ጉባኤ ቤት ለብዙ ዘመን የወንዶች ቦታ ሆኖ መኖሩ የታወቀ ነው። ይህ ማለት ግን ሴቶች ከዜማው ርቀው ነበር ማለት አይደለም። ለቆሎ ተማሪው ቁራሽ የሚሰጡት፣ ድርጎውን የሚያዘጋጁት፣ በበዓል ሌሊት ቆመው የሚያዳምጡት እነርሱ ናቸው። ችግሩ ጆሯቸው የጠገበውን ዐይናቸው አለማየቱ ነው።

ዕድል ያገኘች ሴት የት እንደምትደርስ ለማየት ጎጃም ጽላሎ የነበሩትን ዐይነ ስውሯን የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ማስታወስ ይበቃል። እርሳቸው መጽሐፍ ገልጠው ማየት ሳይችሉ ከአባታቸው በጆሮ ተምረው ብዙ ወንዶች ተማሪዎችን በቅኔ አስመርቀዋል። ገላነሽ በጆሮ ብቻ ሊቅ ከሆኑ፣ ጽጌ ማርያም የሁለት ዓለም ምልክት አንብበው አንዱን ከሌላው ካስማሙ፣ ዐይንም ጆሮም ያላት የዛሬ ልጅ የምታጣው ችሎታ ሳይሆን ጊዜና ፈቃድ ብቻ ነው። ጊዜና ፈቃድ ደግሞ የሚገኙት ከቤተሰብ ነው።

በቤት እንዴት እንጀምር?

ይህን ልማድ በቤታቸው ለመጀመር ለሚፈልጉ እኅቶች የሚከተሉትን ምክሮች እናቀርባለን። ዘዴው ለያሬዳዊ ዜማም ሆነ በኖታ ለሚጻፍ ሙዚቃ ያገለግላል።

በመጀመሪያ አጭርና የታወቀ ይመረጥ። ለዜማ ጾመ ድጓ ጥሩ መነሻ ነው። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብርኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና የምንላቸው የዐቢይ ጾም ሳምንታት መጠሪያቸውን ያገኙት ከዚሁ ድርሰት ስለሆነ በእያንዳንዱ ቤት ስማቸው የታወቀ ነው። ከዚህም በላይ በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ስለማይመታ የሰው ድምፅ ብቻውን ይሰማል፤ ለጀማሪ ጆሮ ይቀልላል። ለፒያኖ ደግሞ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ የማይበልጥ ድርሰት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉ ሳይገለጥ ድምፁ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደመጥ። ይህ ሥራ እየሠሩም ይሆናል፤ ጥጥ ሲፈተል፣ ቡና ሲቆላ፣ ሽሮ ሲነፋ ይቻላል። ጆሮ መንገዱን አስቀድሞ ካወቀ ዐይን አይጠፋበትም።

ሦስተኛ፣ መጽሐፉ ተገልጦ በጣት ይከተሉት። መጀመሪያ ላይ ምልክቱን ሳይሆን ቃሉን ብቻ መከተል ይበቃል። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ምልክት ብቻ፣ ለምሳሌ ይዘትን፣ መርጦ በታየ ቁጥር ድምፁ ምን እንደሚያደርግ ማስተዋል ነው። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ልያዝ ማለት ሁሉንም ያስለቅቃል። ኖታ የሚከተሉትም በመጀመሪያ የላይኛውን ድምፅ ብቻ፣ ቀጥለው የታችኛውን ይከተሉ።

አራተኛ፣ የጠፋብዎት ቦታ ሲደርስ ድምፁን አቁመው በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። የተዋሱት መጽሐፍ ከሆነ ግን በሌላ ወረቀት ይያዝ። ሳምንቱን ሙሉ የተሰበሰበው ጥያቄ እሑድ ለመምህር ይቀርባል።

አምስተኛ፣ በመጨረሻ ድምፁን ዘግተው መጽሐፉን ብቻ ይመልከቱ። ዜማው በውስጥዎ ከተሰማ ምልክቱ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ልጆችን በተመለከተ አንድ ነገር እናሳስብ። ልጁ መጽሐፉን፣ አያት ድምፁን የሚያውቁበት ቤት ካለ ሁለቱን ማቀራረብ ነው። ልጅ አያቱን ምልክት ሲያሳይ ራሱ ይማራል፤ አያትም «ይኸ በእኛ ዘመን እንዲህ ነበር የሚባለው» ሲሉ መጽሐፍ ያልያዘውን ይጨምራሉ። ሆኖም ይህ ጊዜ ከሴት ልጅ የጥናት ሰዓት ላይ የሚቆረስ መሆን የለበትም። ከቤት ሥራው ላይ ቢቆረስ ግን፣ ወንዱም ልጅ ውኃ መቅዳትና ዕቃ ማጠብ ስለሚችል፣ ቤቱ አይጎዳም።

ሳይመሽ የሚሠራ ሥራ

በየአጥቢያው ዕድሜያቸው የገፋ መምህራን አሉ። እያንዳንዳቸው በድምፃቸው የያዙት ከየትም ማተሚያ ቤት አይገኝም። በእጃችን ያለው ስልክ የሠርግና የልደት ጭፈራ ከሚቀዳው ጋር የእነዚህን መምህራን ድምፅ ቢቀዳ ምን ይጎድለዋል? ሲቀዳ ግን መምህሩን አስቀድሞ ማስፈቀድ፣ ጸጥ ያለ ቦታ መምረጥ፣ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ከየትኛው መጽሐፍና ከስንተኛው ገጽ እንዳዜመ በመጀመሪያው ላይ በድምፅ መናገር ይገባል። ገጹ ያልታወቀ ቅጂ ነገ ለሚሰማው ልጅ የሚከተለው ጽሑፍ አይኖረውም።

ከዚህም ጋር እማሆይ ጽጌ ማርያምን ወደ ሸክላው የመራቻቸውን ነገር አንርሳ። በጎንደር መንገድ ላይ ያዩት የዜማ መጥፋት አልነበረም፤ የዜማ ተማሪ መራብ ነበር። ድምፁ በስልካችን፣ መጽሐፉ በመደርደሪያችን ቢኖርም፣ የሚያርመን መምህርና የሚተካው ተማሪ በልቶ ማደር አለበት። በደጃችን «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ልጅ ያንን ደቃቅ ምልክት ወደ ድምፅ መመለስ የሚያውቅ የነገ መምህር ነው። ቁራሹን ስንሰጠው ምን እየተማረ እንደሆነ እንጠይቀው፤ ከሴቶች ልጆቻችንም አንዷ መጽሐፍ ይዛ አጠገባችን ትቁም።